ከእንጀራ ሳይጣሉ በልክ መብላት፦ ደረጃ በደረጃ

የታናሽ እህቴ ሰርግ አንድ ወር ሲቀረው እንጀራ አቆምኩ። ዳቦም፣ ሩዝም፣ ፓስታም አቆምኩ። ጠዋት አንድ የተቀቀለ እንቁላል፣ ምሳ ላይ ኪያርና ቲማቲም፣ ማታ ውሃ ብቻ። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ 3 ኪሎ ቀንሶ አሳየኝ። ያየኝ ሁሉ «ውይ፣ እንዴት አምሮብሻል!» አለኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሌሊት 8 ሰዓት ላይ፣ መብራት እንኳ ሳላበራ፣ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ቀዝቃዛ እንጀራ በአዋዜ እየጠቀለልኩ እጎርስ ነበር። ስንት እንደበላሁ አላውቅም። መሶቡን ስከድነው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በማግስቱ ለቅጣት ብዬ ምንም ሳልበላ ዋልኩ፤ ሲመሽ ያው ተደገመ።

ሰርጉ አለፈ። የቀነስኩት ኪሎ በሁለት ወር ውስጥ ከነወለዱ ተመለሰ።

ይህን የምጽፈው እንደዚያ እየተመላለሳችሁ ላላችሁ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያገኛችሁትን እየበላችሁ «ሰኞ እጀምራለሁ» ለምትሉ፣ ሰኞ ሲደርስ ደግሞ ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ለምታቆሙ። ብዙ በልቶ መጸጸትና ራስን ማስራብ አንዱ ሌላውን ይወልዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ረሃቡ ነው። መጠኑ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ያ ሌሊት ለምን ይመጣል?

እኔ ሆዳም ስለሆንኩ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ የጀመረው ጥናት አለ። 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ገቡበት። ለ6 ወር ያህል በቀን ወደ 1,600 ካሎሪ ብቻ እየበሉ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። የሚገርመው ግን አእምሯቸው ላይ የሆነው ነው። ቀን ከሌት ስለ ምግብ ያስቡ ጀመር። የምግብ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስብ ነበር፣ ሳህኑን የሚልስ ነበር። እንደልብ መብላት ሲፈቀድላቸው ደግሞ ጥጋብ የሚባል ነገር የጠፋባቸው፣ ሆዳቸው እስኪያማቸው የበሉ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ከዚያ በፊት ከምግብ ጋር ምንም ጠብ አልነበራቸውም። ረሃቡ ነው ያመጣባቸው። 1,600 ካሎሪ ደግሞ ዛሬ ብዙ ሰው «ዳይት ላይ ነኝ» ብሎ በቀን ከሚበላው ይበልጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎስ? አብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነታችን በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚያስቀምጠው የስኳር ስንቅ አለ፤ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። እንጀራውን በአንዴ ስታቆሙ ስንቁ ያልቃል፣ ውሃውም አብሮ በሽንት ይወጣል። አንድ ቀን በደንብ ስትበሉ ይመለሳል። ሰው ግን ስቡ የሄደ እየመሰለው ይደሰታል፣ ሲመለስ ደግሞ ያለቅሳል።

1. ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሩ ጻፉ

አንድ ትንሽ ደብተር ያዙ። ስልካችሁ ላይ መጻፍም ይቻላል፣ ግን ካሎሪ አትቁጠሩ። አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ስንት ሰዓት በላሁ፣ ምን በላሁ፣ ስጀምር ርቦኝ ነበር ወይ፣ የት ወይም ከማን ጋር ነበርኩ። በዚህ ሳምንት ማንንም ማስደሰት የለባችሁም። ሦስት ቦምቦሊኖ ከበላችሁ ሦስት ብላችሁ ጻፉ።

የኔ ደብተር ያሳየኝ ነገር እስካሁን አይረሳኝም። ቁርስ፦ የለም። 4 ሰዓት ላይ ማኪያቶ በሁለት ስኳር። ምሳ፦ ሥራ በዝቶ እስከ 8 ሰዓት ቆየሁ፣ ከዚያ እፍኝ ቆሎ። ማታ 12 ሰዓት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሁለት ሳምቡሳ። ቤት ስገባ ልብሴን ሳልቀይር ድስት ከፍቼ በማንኪያ። ከዚያ ራት ሲቀርብ እንደገና። «ማታ ማታ አልችልም» እያልኩ ስማረር ነበር፤ ችግሩ ግን የሚጀምረው ጠዋት ነው። ይህን ያየሁት ስለጻፍኩት ብቻ ነው።

2. ሰዓት አስይዙት

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይበልጣል። ሌላውን ሁሉ ብትተዉት እንኳ ይህን አትዝለሉ። ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ ራት። በመካከላቸው ከአራት ሰዓት ብዙ አይለፍ። ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 10 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል። የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ፣ ዋሽንግተንም ሁኑ ዱባይ፣ ሰዓቱን ከእንቅልፋችሁ ጋር አዙሩት፤ ልዩነቱ ብቻ ይጠበቅ።

«ቁርስ አይገባልኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም እንዲያ ነበርኩ። ማታ ከባድ ተበልቶ ስለሚታደር ነው ጠዋት የማይገባው። ለአንድ ሳምንት በትንሹ ጀምሩት። ግማሽ ስኒ ቅንጬ፣ አንድ እንቁላል በዳቦ፣ ትንሽ ፉል፣ ወይም በሶ በውሃ በጥብጦ መጠጣት። መክሰሱም ብስኩት ብቻ አይሁን። ሙዝ ከእፍኝ ለውዝ ጋር ወይም ቆሎ ጥሩ ነው። ቆሎውን ግን ከትልቁ ሳህን እየዘገናችሁ ከምትበሉ በትንሽ ሳህን ቀንሳችሁ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም ወሬ እየተወራ የሚበላ ቆሎ መጨረሻው አይታወቅም።

በዚህ ደረጃ ሁለት ሳምንት ቆዩ። ስለ መጠን አታስቡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ማታ ላይ የሚመጣው እብድ ረሃብ ይቀንሳል፣ ያኔ መጠን መምረጥ ይቻላል። በረሃብ ላይ ሆኖ መጠን መምረጥ ለማንም ከባድ ነው።

3. ገበታውን ከፋፍሉት

የጤና ባለሙያዎች የሚሉት ቀላል ነው፦ የሳህኑ ግማሽ አትክልት፣ ሩቡ ፕሮቲን፣ ሩቡ እህል። የኛ ገበታ ግን ሳህን አይደለም። እንጀራው ከታች ተዘርግቷል፣ ከጎን ተጠቅልሎ ቀርቧል፣ ወጡ መሐል ነው፣ ጎመኑ ዳር ላይ ለወግ ያህል ተጨልፏል። ስለዚህ ልኩን ገልብጡት። ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ስሩ፣ ሰላጣው በጭልፋ ሁለት ሁለት ይውጣ፤ ምስሩ፣ ሽሮው፣ ሥጋው ወይም እንቁላሉ አንድ አንድ።

እንጀራውን አታባርሩት። ጤፍ ፋይበርም ብረትም ያለው እህል ነው፣ ግሉተን የለበትም፣ በእርሾ የቦካ ነው። የሚያስቸግረው ሳናየው የምንበላው ብዛቱ ነው። ከሰው ጋር ስትበሉ ለራሳችሁ የወሰናችሁትን አስቀድማችሁ ከፊታችሁ አስቀምጡ። እኔ ሁለት እንጀራ እበላ ነበር፣ አሁን አንድ እበላለሁ፣ በጣም የደከመኝ ቀን አንድ ተኩል። የናንተ ልክ ከኔ ይለያል፤ ሙሉ ቀን ሲቆፍር የዋለ ሰውና ወንበር ላይ የዋለ ሰው አንድ አይደሉም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ከወጡ ሥር ያለው እንጀራ። ወጡና ዘይቱ ሰርጎበት፣ ርሶ፣ ለስልሶ፣ ሁሉም ጠግቦ እጁን ሊታጠብ ሲል ከዳር እየተቆረሰ የሚበላው። ከገበታው ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ይቆጠር። ከሱ ለመብላት ካሰባችሁ ከጎን የምትወስዱትን እንጀራ በግማሽ ቀንሱ።

ቀስ ብላችሁ ብሉ። የጥጋብ ስሜት እስኪመጣ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እየተጫወቱ መብላት ለዚህ ይረዳል፣ ቴሌቪዥን እያዩ መብላት ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል።

4. ድስቱ ውስጥ ያለው ዘይት

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እንጀራ ሲያቆም ዘይቱን አያየውም። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ አለው፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስታርች ግን 4። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው። ሩብ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ ሙሉ ዘይት ድስት ውስጥ ብትገለብጡ ከ1,900 ካሎሪ በላይ ጨመራችሁ ማለት ነው። አራት ሰው ከበላው ለእያንዳንዱ ከወጡ በፊት ወደ 480 ካሎሪ ደርሶታል። የምስር ወጥ «የጾም ነው፣ ቀላል ነው» ተብሎ የሚበላው እንዲህ ተሠርቶ ነው።

መፍትሔው ዘይት መተው አይደለም፣ ዘይት የሌለው ወጥ አይበላም። እናቶቻችን ዶሮ ሲሠሩ የሚያደርጉትን ለሌላውም ማድረግ ነው። ሽንኩርቱን ደቃቅ አድርጋችሁ ከትፋችሁ ደረቁን ጣዱት፣ በትንሽ እሳት። ሊይዝ ሲል ትኩስ ውሃ ጠብ አድርጉና አማስሉ። እንደገና ሊይዝ ሲል እንደገና ጠብ። ሽንኩርቱ ሟሙቶ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ሽታው ሲጣፍጥ በርበሬውን ጨምሩ፣ አሁንም በውሃ እያዋዛችሁ አቁላሉት። ዘይቱን ከዚያ በኋላ በማንኪያ ለክታችሁ፣ ለአራት ሰው ሦስት የሾርባ ማንኪያ። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሲወርድ ደግሞ መከለሻ። ጊዜ ይወስዳል፣ አልዋሽም፤ ቁሌቱ 40 ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል። ግን እሁድ አብዝታችሁ አቁላልታችሁ በየዕቃው ከፋፍላችሁ ፍሪጅ ብታስገቡት ሳምንቱን ያቀላል።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ «ይሄ ወጥ ምነው ደረቀ?» ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ውጭ ምሳ በልቶ ሲመጣ ዘይቱ እየከበደው ሲነግረኝ የለመደው ምላስ እንደሆነ ገባኝ። ጨውም እንደዚያው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ።

5. የሚጠጣው

ይህኛው አጭር ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ 30 ግራም ስኳር አለው። በቀን አራት ሻይ በሦስት በሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ፣ ማለትም ወደ 48 ግራም ወስዷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ነው። በአንዴ አታቁሙ። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ። ምላስ ሳያውቀው ይለምዳል።

6. ክልክል የሚባል ምግብ አይኑር

ክትፎ፣ ጥብስ፣ ኬክ፣ ቺፕስ፣ የመንገድ ኢርቴብ። «ከዛሬ ጀምሮ አልነካም» ያላችሁት ነገር ነው ሌሊት የሚጠራችሁ። ስለዚህ ቦታ ስጡት። ሳምንቱ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ምረጡ፤ ከሰው ጋር፣ ቁጭ ብላችሁ፣ በቀን ብርሃን ብሉት። ቁርስና ምሳ ዘላችሁ «ለክትፎው ቦታ ልተውለት» አትበሉ፣ ያ ከሁሉ የከፋው ነው። የዘወትሩን በልታችሁ ሂዱ። ጣዕሙ የሚገባችሁም ሳይርባችሁ ስትበሉት ነው።

7. ጾምና ፍስክ

ጾም ዳይት አይደለም። ለክብደት ብላችሁ የምትጨምሩት ቀን፣ ወይም «ጾም ላይ ነኝ» ብላችሁ አለመብላታችሁን የምትሸፍኑበት ከሆነ ራሳችሁን በሐቅ ጠይቁ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ያን ሁሉ ቀን በድንች ጥብስ፣ በፓስቲ፣ በፓስታና በዳቦ ያሳለፈ ሰው ሥጋና ወተት ባይበላም ሊወፍር ይችላል፣ ፕሮቲንም ያንሰዋል። ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሱፍ፣ ጎመን በየቀኑ ይኑር። ሻይና ቡና ከምግብ ላይ አይሁን፣ ከጎመኑና ከምስሩ የምናገኘውን ብረት ይይዘዋል፤ አንድ ሰዓት ያህል ይቆይ። ሎሚ ጨመቅ ማድረግ ደግሞ ብረቱ እንዲገባ ይረዳል።

ከባዱ የፋሲካ ሌሊት ነው። 55 ቀን ቅቤ ያልነካ ሆድ ላይ ዶሮ፣ ክትፎ፣ ዱለት፣ ድፎ ዳቦና ጠጅ በአንድ ቀን። እናቴ መጀመሪያ ተልባ ታጠጣን ነበር፣ ከዚያ አንድ ብልት ዶሮና ግማሽ እንቁላል፣ ከዚያ ወደ መኝታ። «ነገም ፍስክ ነው» ትል ነበር። እውነቷን ነው፤ ከፋሲካ በኋላ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብም ሳይቀር ጾም የለም። ክትፎው ለማክሰኞ ቢቆይ የሚቀማችሁ የለም።

ረመዳን ለምትጾሙም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በተምርና በውሃ ፈትታችሁ፣ ሾርባ ጠጥታችሁ፣ ሰግዳችሁ ተመለሱና ራት ብሉ። ሳምቡሳው ሁለት ይበቃል። ሱሁርን አትዝለሉ።

የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የታመማችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትጹሙ። የንስሐ አባታችሁም ኡስታዛችሁም ይህን ያውቃሉ፣ ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው መንገድ አላቸው።

8. «በሞቴ!»

ብቻችሁን ብትበሉ ሁሉም ቀላል ነበር። አክስታችሁ ቤት ግን «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» አለ፤ ጉርሻ አለ፤ አንዱ ያጣላል የሚባል። እምቢ ብሎ መፋጠጥ አይሠራም፣ ሰውም ያስቀይማል። እኔ የምጠቀመው ይህን ነው። መጀመሪያ ስወስድ ትንሽ እወስዳለሁ፣ ሁለተኛ ስትለኝ በደስታ እጨምራለሁ። ጉርሻ ስቀበል ቀጥዬ እኔም ለእሷ አጎርሳለሁ፣ ጨዋታው ወደሷ ይዞራል። «እትዬ፣ ጣፍጦኛል፣ ለነገ ቋጥሪልኝ» ማለትም ይሠራል፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። «ዳይት ላይ ነኝ» አትበሉ፤ ያ ቃል ገበታው ላይ ከወደቀ የሁሉም ሰው ዓይን ሆዳችሁ ላይ ነው።

የሰውን አካል በተመለከተ ደግሞ እባካችሁ እንተው። «ወፈርሽሳ»፣ «ምነው ከሳህ»፣ «ቦርጭ አወጣህ»። ሰላምታ አይደለም። እኔ «አምሮብሻል» ከተባልኩ ከጥቂት ወራት በኋላ ጸጉሬ በእጄ ይወጣ ነበር።

9. ያበዛችሁ ቀን

ይመጣል። ልደት ይሆናል፣ ንዴት ይሆናል፣ ምንም ምክንያት የሌለው ማክሰኞ ይሆናል። ያን ጊዜ የሚደረገው አንድ ነገር ነው፦ ቀጣዩን ምግብ በሰዓቱ መብላት። በማግስቱ ቁርስ መዝለል የለም፣ ሰኞን መጠበቅ የለም፣ ለቅጣት ሁለት ሰዓት መሮጥ የለም። ደብተሩን ክፈቱና ከመብላታችሁ በፊት ያለውን ሰዓት እዩ። ምሳ ዘልላችሁ ነበር? ተጣልታችሁ ነበር? እንቅልፍ አልነበረም? አብዛኛውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው።

10. ሚዛን

በሳምንት አንዴ፣ በአንድ ቀን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ። በየቀኑ የሚመዘን ሰው የሚያየው የውሃና የጨው ውጣ ውረድ ነው። ለመቀነስ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ በቂ ነው። 90 ኪሎ የሆነ ሰው 5 ወይም 6 ኪሎ ቢቀንስ እንኳ ደም ግፊቱና ስኳሩ ላይ ለውጥ ሊታይ ይችላል፤ የሃያ ዓመት ልጅ የነበራችሁበት ኪሎ ላይ መድረስ አያስፈልግም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ጨምሩበት፤ ሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድም ይቆጠራል።

ሚዛን ላይ መውጣቱ ቀናችሁን የሚያበላሽ ከሆነ ለጎረቤት አውሱት።

እነዚህን ተዉ

«በ7 ቀን 7 ኪሎ» የሚሉ ሻይዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ካሎሪው ትንሹ አንጀት ውስጥ ከተመጠጠ በኋላ ነው እሱ ትልቁ አንጀት ላይ የሚሠራው። የሚወጣው ውሃና ማዕድን ነው፣ ስቡ ባለበት ነው። ለቀናት በውሃ ብቻ መቆየትም እንደዚያው። በፍጥነት መክሳት የሐሞት ጠጠር ሊያመጣ፣ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ጸጉር ሊያረግፍ፣ የወር አበባ ሊያቋርጥ ይችላል።

11. ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ የምትሄዱት መቼ ነው?

ከበላችሁ በኋላ በጣታችሁ የምታስመልሱ ከሆነ። በሳምንት አንዴም ቢሆን ማቆም እያቃታችሁ፣ ተደብቃችሁ፣ ሳይርባችሁ ብዙ የምትበሉ ከሆነ። ራሳችሁን እየሳታችሁ ከወደቃችሁ፣ ልባችሁ ያለ ምክንያት የሚመታ ከሆነ፣ የወር አበባችሁ ሦስት ወር ከቀረ። ሌላው ሰው «አጥንት ሆነሻል» እያለ እናንተ መስታወት ውስጥ ወፍራም ሰው የምታዩ ከሆነ። ልጃችሁ፣ በተለይ ወጣት ሴት ልጃችሁ፣ ከገበታ መሸሽ ከጀመረች አትቆጧት፣ አብራችኋት ሂዱ።

ይህ የሚታከም በሽታ ነው። መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም ዘንድ፣ ከዚያ የአእምሮ ጤና ክፍል ሊልኳችሁ ይችላሉ፤ ስሙ አያስደንግጣችሁ። እኔ ስሄድ ማውራት አቅቶኝ ደብተሩን ዘርግቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሐኪሟ ገጹን በጣቷ እየተከተለች አነበበችና፣ «ሌሊት 8 ሰዓት» የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ «ያን ቀን ቁርስ ምን በላሽ?» አለችኝ።